ሆርሞኑ እስኪረጋ

ባሌ መኩሪያ የባዮሎጂ መምህር ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ነው። ሌላ ሴት ስትቆጣ ባሏ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይ በሩን ዘግቶ ይወጣል። እኔ ስቆጣ ግን መኩሪያ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ያየኝና፣ «አይዞሽ አምሳለ፣ አድሬናሊን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ታገሺው፣ ይወርድልሻል» ይለኛል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የተቆጣሁበትን ነገር እረሳና በአድሬናሊኑ እቆጣለሁ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእሱ ጋር ስኖር ያልተዋወቅኩት እጢ የለም። ውሃ በመጣ ቀን ብሎኩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ደረጃውን ሲያንቀጠቅጠው፣ መኩሪያ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ዶፓሚን ነው። ሰው የሚደሰተው ውሃውን ሲቀዳ አይደለም፣ ሊቀዳ ሲል ነው» ይላል። እሱ ይህን ሲል ጀሪካኑን የምሞላው እኔ ነኝ። የታችኛዋ ጎረቤታችን በወለደች ሰሞን ልጇን ማንም አይንካብኝ ብላ አማቷን ስታስቀይም፣ አማቲቱን ደረጃው ላይ አስቁሞ እናትን ከልጇ ጋር ስለሚያጣብቀው ስለ ኦክሲቶሲን አስረዳቸው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጡትም።

እኔም መምህር ነኝ፣ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ግን የጎረቤት ጠብ በካሬ ሥር ልፍታ ብዬ አላውቅም።

መኩሪያ ክፉ ሰው አይደለም። ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ እኔም አብዛኛውን ቀን እወደዋለሁ። ልጃችን ምስጢር መኪና መንዳት ባትማር ኖሮ ይሄ ሁሉ የእጢ ወሬ የቤት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ምስጢር ያለችን አንዲት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ጎፋ አካባቢ አንድ ማሠልጠኛ ገባች። የመጀመሪያ ሰሞን አመድ መስላ ነበር የምትመጣው። «እማዬ፣ ዛሬ መስቀለኛው ላይ አንድ ሚኒባስ ሊበላኝ ነበር» ትለኛለች። እየቆየ የፊቷ ቀለም ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ከመጠን በላይ ተመለሰ። መንጃ ፈቃዷን ከያዘች በኋላም ሥልጠናው አላለቀም። የተማሩትን መከለስ ያስፈልጋል አለችን። እኔ ምኑ እንደሚከለስ ለማወቅ ብዙ ማስላት አላስፈለገኝም።

የሚከለሰው አሠልጣኙ ሚሳኤል ነበር። የመካኒሳ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር። አንድ ቀን እራት ላይ ምስጢር አንገቷን ደፍታ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው። መኩሪያ የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ልጄ፣ ልብሽ የመታው ለልጁ አይደለም» አላት። «ለሚኒባሱ ነው።»

«የምን ሚኒባስ?»

«መስቀለኛው ላይ ሊገጭሽ የነበረው። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ ፊት ይሞቃል። አንጎል ደግሞ ምክንያት ሳያገኝ አርፎ አይቀመጥም። ‹ለምንድን ነው እንዲህ የምንቀጠቀጠው?› ብሎ ዙሪያውን ያያል። ሚኒባሱ ሄዷል። አጠገብሽ ማን አለ? አሠልጣኙ። ‹አሃ፣ ለካ ይህን ልጅ ወድጄው ነው› ይላል። አንጎል እንዲህ ነው የሚሳሳተው። ተጠንቶ የተደረሰበት ነገር ነው።»

እናቶቻችን «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ሲሉ የኖሩትን ሳይንስ ገና አሁን ደረሰበት ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ።

«አባዬ፣ ሚኒባሱ ካለፈ ስድስት ወሩ እኮ ነው» አለችው ምስጢር። «አሁንም ይመታል።»

«አሁን የሚመታው ደግሞ በዶፓሚን ነው። ዓመት ከምናምን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይበርዳል። ያኔ ካልበረደሽ እኔ ራሴ ድንኳኑን እተክላለሁ።»

ለሁሉም መልስ አለው። የእሱ ችግር መልስ ማጣት ሆኖ አያውቅም።

ሚሳኤል ቤታችን መጥቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ እንዳይቀር ብዬ፣ ምስጢር የረሳችውን ጃኬት እንዲያመጣ አስደረግኩ። ጃኬቱን እንድትረሳው የነገርኳትም እኔ ነኝ። ልጁ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ገና ወንበር ሳይዝ መኩሪያ በኮሮና ጊዜ የገዛናትን የጣት መለኪያ አወጣ። ጣት ላይ የምትነክሰው ያቺ ትንሽ ነገር የልብን ምት በቀይ ቁጥር ታሳያለች።

«ለጤና ነው» ብሎ ሰካበት። ልጁ እሺ ብሎ ጣቱን ሰጠ። መኩሪያ ስለ ነዳጅ ጠየቀው፣ ስለ መንገድ ሥራ ጠየቀው፣ ከዚያ ሳይታሰብ «ምስጢር! ነይ እስኪ!» ብሎ ጮኸ። ልጄ ሮጣ መጣች። መኩሪያ ቁጥሩ ላይ አፈጠጠ። ሰባ ነበር፣ ሰባ ሆኖ ቀረ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ባሌ ሳሎኑን እየዞረ፣ «አየሽ? አልተነቃነቀም! የሚወዳትን ልጅ አይቶ ልቡ የማይደነግጥ ወንድ አለ?» አለኝ።

«መኩሪያ፣ ይህ ልጅ እኮ ቀኑን ሙሉ ግንብ ሊገጩ ከሚሉ ሰዎች ጎን ነው የሚቀመጠው። ልቡ ለምዶት ነው።»

«ልቧ ቢመታ ሚኒባስ ነው፣ ልቡ ባይመታ ፍቅር የለም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። በዚህ ስሌት የሚያልፍ ተማሪ አለመኖሩን ስነግረው «የእኔ ፈተና ከባድ እንደሆነማ ታውቂያለሽ» አለኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አይቻለሁ። ሚሳኤል ሲወጣ የራሱን ጫማ ትቶ የመኩሪያን ነጠላ ጫማ አጥልቆ ነበር የሄደው። ነጠላ ጫማው አጥሮት ተረከዙ መሬት እየነካ አራቱን ፎቅ ወርዶ፣ ጥበቃው ሲስቅበት ነው የባነነው። ተመልሶ ሲመጣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር። የልጁ ልብ እግሩ ላይ ነበረች፤ ባሌ የለካው ጣቱን። ይህን ስለው «ጫማ መረጃ አይሆንም» አለ።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ።

ሦስት ሆነው እሁድ በጠዋት መጡ። መሪያቸው ጋሽ ዲንሳ ናቸው፤ ሚሳኤል ያደገበት የመካኒሳ እድር ሰብሳቢ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው። በእኛ ወግ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ሰዎቹ አራት ፎቅ ወጥተው፣ ቆመው ጉዳያቸውን ተናግረው፣ አንደበታቸው ደርቆ ቆመው መልስ ጠበቁ። መኩሪያ «ዘመድ እናማክር» አለ። የመጀመሪያ ቀን እንደዚህ ነው የሚባለው፤ ማንም አልተቀየመም። ጋሽ ዲንሳ የደረጃውን ብረት ይዘው ጉልበታቸውን እያማከሩ ወረዱ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሲመጡ እኔ ምድጃው ላይ ወጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ አዘጋጅቼ ነበር። መኩሪያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቤተሰቡን እናከብራለን፣ ልጁም ጨዋ ነው። ግን የልጆቹ ሆርሞን እስኪረጋ ዓመት ከመንፈቅ ብንታገሥ» አለ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«መምህር» አሉ ጋሽ ዲንሳ፣ «እኛ ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ድረስ ዘር ቆጥረን ነው የመጣነው። እጢ አልቆጠርንም። ቁጠሩ ካሉን እንቆጥራለን፤ ዓመት ከመንፈቅ ግን እነዚህ ጉልበቶች የሚቆዩ አይመስለኝም። ሁለት ሳምንት ያስቡበትና አንዴ እንመለሳለን። ሽማግሌ ሦስቴ ይመላለሳል። ከሦስት ያለፈ እንደሆነ መናናቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይቀራል።»

ድፎውን ቆርሼ ለጎረቤት አከፋፈልኩት።

በዚያን ቀን ከሰዓት ምስጢር ማድ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሽንኩርት አንስታ መላጥ ጀመረች። ለማልቀስ ሰበብ የፈለገች መስሎኝ ነበር፣ ግን አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ ያለ አባዬ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም» አለችኝ። «በሦስተኛው ቀን እንቢ ካለ ለሚሳኤል ‹በቃ፣ ይቅር› እለዋለሁ። ነግሬዋለሁም።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹እጠብቃለሁ› አለ። ‹አትጠብቅ› አልኩት።»

ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አልቃሻ ልጅ ነገ ትስቃለች፤ እንዲህ ደርቃ ስትናገር ግን የምሯን ነው። ማታ መኩሪያን ልነግረው ብዬ ስሄድ ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት፣ በሩን ያያል። ምስጢር ለዕቃ ወደ ሱቅ ወርዳ ነበር። ቁልፏ በሩ ውስጥ ሲዞር ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስተውለው ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ልጅቷ ከሥራ ሳትገባ ዜና አይከፍትም፣ እራት አይቀርብም። ስንት ዓመት አብሬው ተቀምጬ እንዳላየሁት ገርሞኛል። ልነግረው የነበረውን ትቼ ያየሁትን በልቤ ያዝኩት።

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ጋሽ ዲንሳ በሩ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው የሚናገሩት አይሰማም። መኩሪያ ደንግጦ መለኪያዋን አመጣና ጣታቸው ላይ ሰካት።

«ከፍ ብሏል ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ሳይፈቀድልኝ አልቀመጥም።»

«ለጤናዎ ነው የምለው።»

«ለጤናዬ ካሰቡ እሺ ይበሉኝና ልቀመጥ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መኩሪያ ግን አልሳቀም። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ተማሪ መስሎ ጀመረ። ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ አድሬናሊን ከየት እንደሚመነጭ፣ አንጎል የአንዱን ለሌላው እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሚኒባሱ፣ መስቀለኛው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዳምጣሉ። ጋሽ ዲንሳ አንዱን እግር አሳርፈው በሌላው፣ ሌላውን አሳርፈው በዚያኛው ይቆማሉ። የምስጢር ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

እናት በእንዲህ ያለ ቀን ካልተጠየቀች አትናገርም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሽርጤን አወለቅኩና ሳሎኑ መሃል ቆምኩ።

«መኩሪያ፣ ለጋሽ ዲንሳ ስለ ጅቡ ንገራቸው።»

ባሌ ፊቱ ቀላ። «አሁን እሱ ምን አመጣው?»

«እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ። ጋሼ፣ እኔና ይሄ ሰው የተዋወቅነው መካኒሳ አንድ ትምህርት ቤት ስንቀጠር ነው። ወንዙ ዳር ያን ጊዜ ሜዳ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አምሽተን ስንወጣ ጅብ መንገዱ መሃል ቆሟል። ይሄ ሰው እጄን ያዘ። ጅቡ አየን፣ እኛም አየነው፣ ከዚያ እንደ ሰለቸው ሰው ዞር ብሎ ሄደ። ‹አይዞሽ፣ ሄዷል› አለኝ። ጅቡ ከሄደ በኋላ ግን ቤታችን በር ድረስ እጄን አልለቀቀም። ልቤ በማግሥቱ ሁሉ ሲመታ ዋለ።»

ወደ ባሌ ዞርኩ። «በአንተ ስሌት ያ ሁሉ ለጅቡ ነው የመታው። እንግዲያው ሃያ ስምንት ዓመት ከተሳሳተ ሰው ጋር ኖሬያለሁ። እኔ ማግባት የነበረብኝ ጅቡን ነው!»

ጋሽ ዲንሳ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሌሎቹም ነጠላውን ረሱት። ገርበብ ካለው በር ኋላ የልጄ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ደግሞ ታፈነ።

«እሱ ሌላ ነው» አለ መኩሪያ። «እኛ ጅቡ ከሄደ በኋላ ስሜቱ ይረጋ እንደሆነ ቆይተን ነው ያየነው።»

«ሽማግሌ የላክህብኝ በሦስተኛው ወር ነው።»

ባሌ መልስ አጣ። እንዲህ ሲሆን ያየሁት በዕድሜዬ ጥቂት ጊዜ ነው። ሲያጣም አሳዘነኝ እንጂ ደስ አላለኝም። ያም ሆኖ አልተውኩትም። መለኪያዋን ከጋሽ ዲንሳ ጣት አውጥቼ እሱ ጣት ላይ ሰካኋት።

«አሁን እንቢ በላቸው» አልኩት።

መኩሪያ ደረቱን ነፋ። «የልጆቹ ስሜት...» ብሎ ጀመረና ቁጥሩን አየ። እየወጣ ነው። «እንግዲህ ለጊዜው...» አለ። አሁንም ወጣ። መቶን አለፈና መለኪያዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች።

«ባትሪው ነው» አለ።

«ባትሪውን ትናንት ነው የቀየርከው።»

ጋሽ ዲንሳ ሳቃቸውን አቆሙ። ጠጋ ብለው በለሰለሰ ድምፅ፣ «መምህር፣ ምንድን ነው ያስፈራዎት?» አሉት።

መኩሪያ መለኪያዋን አላወለቃትም። ወደ ምስጢር በር አየ።

«ማታ ስትገባ እሰማታለሁ» አለ። «ደረጃውን ሮጣ ነው የምትወጣው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ይሰማኛል። ከዚያ ቁልፏ ይዞራል። ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ማንን ነው የምሰማው?»

የምትሰማው ጢጥ ጢጥ የምትለው መለኪያ ብቻ ነበረች። እኔ እንባዬ መጣ፣ ወደ ማድ ቤት ዞር አልኩ። በእንዲህ ያለ ቀን ሽማግሌ ፊት መቅረብ የማይገባት ልጄም አልቀረበችም። ከበሩ ኋላ ሆና ግን ተናገረች።

«አባዬ፣ ቁልፉን እኮ አልመልስም።»

መኩሪያ ወንበሩን በእጁ እየሳበ፣ «አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለ።

ሁለቱ ሊቀመጡ ሲሉ ጋሽ ዲንሳ በእጃቸው ከለከሏቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ሳይጠና አይቀመጡም።

«ለጤናዬ ነው ወይስ ለነገሩ?»

«ለነገሩ ነው ጋሼ። ሰጥተናል።»

ሰዎቹ ሲቀመጡ ሶፋው ጮኸ። ከዚያ ውሃ ጠጡ፤ የሦስት ቀጠሮ ጥም ነው የጠጡት። ዳግመኛ የጋገርኩት ድፎ ተቆረሰ፣ ወጥ ቀረበ። ጋሽ ዲንሳ ሲመርቁ «እንደ መምህርና እንደ ባለቤታቸው ያድርጋችሁ፤ ጅቡንም ያርቅላችሁ» አሉ። ምስጢር ወጥታ የሁሉንም ጉልበት ሳመች። የአባቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል እሱ መነጽሩን እየጠረገ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ጭንቀት የሚፈጥረው ሆርሞን ይቀንሳል ብሎ ማስረዳት ጀምሮ መሃል ላይ ተወው።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ምስጢር ጫማዋን በችኮላ አጠለቀች። ሚሳኤል ታች «ለማጅ» የሚል የተጻፈበት መኪና ውስጥ ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃል ለካ።

እኔ ሳህን አነሳለሁ። መኩሪያ መለኪያዋን እንደያዘ መጣና ያልጠበቅኩትን አደረገ፤ ጣቴ ላይ ሰካት። ሳቅኩበት። ስንት ዓመት ስስቅበት ነው የኖርኩት፣ አንዲት ሳቅ ብትጨመር ምን አላት ብዬ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከእሱም አለፈ። ጢጥ ጢጥ አለች።

አድሬናሊን ነው፣ ሃያ ደቂቃ ታገሺው እንዲለኝ ጠበቅኩ። አላለም። መለኪያዋን አወለቀና እጄን ያዘ፣ በላብ እንደ ሳሙና የሚያዳልጠውን እጄን።

ደረጃው ላይ የምስጢር ሩጫ ይሰማል፤ አሁን የምትሮጠው ወደ ታች ነው። ሁለታችንም ቆመን አዳመጥን። ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ። መኩሪያ ግን እጄን አልለቀቀም።